የአንድ ምድጃ ሳምንት

ለምወድሽም ለማበሽቅሽም የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ እንዴት ከረመች? አዲሱ ዳሌዋ ተስማማት ወይስ ገና እየተጣሉ ነው? ሐኪሙ «በቀን ሃያ እርምጃ ብቻ» እንዳላት ስትነግሪኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ ታናሽ ወንድሟ ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ «እባክሽ ቁጭ በይ» ስላት ቆማ የኖረች ሴት ለግላስጎው ሐኪም ትታዘዛለች ብዬ አልጠብቅም። ይሄኔ ከዘራዋን ይዛ በኮሪደሩ ነርሶቹን እያሯሯጠች ይሆናል። ግንባሯን ሳሚልኝ። «ወንድምሽ ናፍቀሽዋል፣ የአጃ ቂጣሽ ግን አልናፈቀውም፣ ጥርሱ እያረፈ ነው» በያት።

እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኝ ነበር፤ ዘንድሮ እሱም ዋሸኝ። በጎችሽ ደህና ናቸው። ድመትሽ በእንግዶች ፍርፋሪ ደልባ፣ በመስኮት መሹለክ አቅቷት እንደ ሰው በበር ትገባለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ላለፉት ሳምንታት በስልክ ስትጠይቂኝ «ሁሉ ደህና ነው፣ እንግዶቹም ደስ ብሏቸዋል» ስልሽ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። በስልክ ብነግርሽ ገና ሳልጨርስ ትጮኺብኛለሽ። ደብዳቤ ግን ታጋሽ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ የሚያቋርጠው የለም። ስለዚህ ሻይሽን ያዢና ተቀመጪ።

ስትሄጂ በማድ ቤቱ በር ላይ የለጠፍሽልኝን ወረቀት ታስታውሻለሽ? አንደኛው ትእዛዝ «ሙቅ ውሃ እንዳይቋረጥ» ይላል፤ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። ሁለተኛው «የሐይቋ ወፍ ከጎጆዋ እንዳትነሳ፤ ከድንጋዩ አጥር ወዲያ ማንም እንዳይሻገር» ይላል። ሁለቱን ስትጽፊ እርስ በርስ ይጣላሉ ብለሽ አላሰብሽም። እኔም አላሰብኩም። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ ዘጠኙን እንግዶችሽን ልቀበል ወደብ ወረድኩ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ስወርድ ፈርቼ ነበር። የከተማ ሥራሽን ትተሽ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ያን ያረጀ የቄስ ቤት በገዛ እጅሽ ስታድሺ አይቻለሁ። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ እንግዶችሽ ተቆጥተው ከሄዱ ለከርሞ የሚመጣ እንደማይኖር፣ ቤቱም እንደሚዘጋ፣ አንቺም ወደዚያ ቢሮ እንደምትመለሺ አውቅ ነበር። ስለዚህ በጣም ጨዋ ሆንኩ። ጢሜን ሁሉ ተላጨሁ።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ደሴታችን መብራት አስረዳኋቸው። ብትኖሪ ኖሮ በኩራት ታለቅሺ ነበር። ሦስቱ የነፋስ ተርባይኖች፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የተዘረጉት የፀሐይ ሰሌዳዎች፣ ከላይኛው ሐይቅ የሚወርደው ውሃ፤ እነዚህ ሦስቱ ሰማንያ አራት ሰው እንደሚያኖሩ ነገርኳቸው። ለእያንዳንዱ ቤት የተመደበ ድርሻ አለ፤ ከድርሻው ያለፈ ቤት ድርግም ይላል፤ ያን ጊዜ ባለ ቁልፉ ይጠራል፤ ባለ ቁልፉም እኔ ነኝ፤ መብራቱን ከመመለሴ በፊት በደንብ አድርጌ እሳለቃለሁ አልኳቸው። ሳቁ። ዲትማር የሚባለው የብሬመን ሰው ማስታወሻ ያዘ። ከብሬመን ድረስ ቤንዚን ሳላቃጥል መጣሁ እያለ የሚኮራበት የባትሪ ብስክሌት አለው፤ ማታ ማታ ሶኬት ላይ ይሰካዋል። አስቢው እንግዲህ፤ ብስክሌቱ ከእኔ ቤት የበለጠ ይበላል።

ሌላዋ ወይዘሮ ሐነከ ይባላሉ፤ ከኔዘርላንድስ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጸጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሁሉም ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። «ሐይቁ ስንት ያህል ይይዛል?» ብለው ጠየቁኝ። ከተርባይኖቹ ጋር ፎቶ የማይነሳ የመጀመሪያው ቱሪስት እኚህ ናቸው ብዬ ገረመኝ።

በሦስተኛው ቀን ያ ጭጋግ መጣ።

ጭጋግ አንቺም ታውቂያለሽ፤ እንዲህ ያለውን ግን አታውቂም። ነፋስ ቆመ። ፀሐይ ጠፋች። ዝናብም የለም። ባሕሩ እንደ ተልባ ጭማቂ ረግቶ ተኛ። ተርባይኖቹ ክንፋቸውን ዘርግተው የቆሙ ሦስት ደንቆሮዎች መሰሉ። የነዳጁ ሞተር ፓምፑ ከተሰነጠቀ ጀምሮ መለዋወጫ እየጠበቀ ነው። ባትሪዎቹን ለክሊኒኩ ማቀዝቀዣና ለመጠጥ ውሃው ፓምፕ ማስቀረት ነበረብኝ። የቀረኝ ሐይቁ ብቻ ነው። የሐይቁን በር ብከፍት ለሳምንት ያህል ሙቅ ውሃ፣ ምድጃ፣ ብስክሌት፣ ሁሉም ይኖራል።

ግን ወፏ እንቁላሎቿን ታቅፋለች። ጎጆዋ እንደ ሁልጊዜው ውሃው ጫፍ ላይ ነው። እግሮቿ ከኋላ ስለተተከሉ በደረት ከመንፏቀቅ በቀር መሬት ላይ መራመድ አትችልም። ውሃው አንድ ክንድ ቢሸሽ ጎጆዋ በጭቃ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ወደ እንቁላሎቿ መመለስ ያቅታታል። አንቺ በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የከበብሽው የመፈልፈያ ቀን አሥራ አንድ ቀን ይቀረው ነበር።

ወደ ግድቡ ወጥቼ የበሩን መክፈቻ ብረት ጨበጥኩ። ሁለቱ ትእዛዞችሽ በአንድ ወረቀት ላይ ሆነው ኪሴ ውስጥ ይጣላሉ። ከዚያ ብረቱን ነቅዬ በትከሻዬ ተሸክሜ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሻለሁ፤ ያኛው ቀላል አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ዲትማር ራሱ ላይ አረፋ እንደ ደፋ፣ ፎጣ አገልድሞ በረንዳ ላይ ጠበቀኝ። ውሃው በረዶ ሆኖበታል። «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ። ቀጥዬ የተናገርኩትን ነገር ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። አፌን ከፈትኩ፣ ወጣ። እንኳን አደረሰዎ አልኩት። ዛሬ የአንድ ምድጃ ሳምንት መግቢያ ነው። ከአራት መቶ ዓመት ጀምሮ ወፏ በምትታቀፍበት ወቅት በደሴቲቱ ያለ ቤት ሁሉ እሳቱን ያጠፋል፤ ሕዝቡ በሙሉ በአንድ ምድጃ ይበላል፤ ገላውንም በባሕር ይታጠባል። ይህን ለማየት የታደለ እንግዳ ጥቂት ነው አልኩት።

ሰውዬው አረፋውን ከዓይኑ ጠርጎ «ለምን ቀድሞ አልተነገረንም?» አለ። «ለእንግዳ ቀድሞ መንገር ነውር ነው» አልኩት። ወዲያው ማስታወሻ ሊያመጣ ገባ።

እኔ ደግሞ ሮጥኩ። ጉልበቴ ከሃያ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ሕዝቡ አራት መቶ ዓመት ያከበረው በዓል እንዳለው ከእንግዶቹ በፊት ማወቅ ነበረበት። መጀመሪያ የገባሁት አስተማሪሽ ኦይሪግ ዘንድ ነው። እስክጨርስ ድረስ ሹራቧን መሥራት አላቋረጠችም። ከዚያ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«አራት መቶ ዓመት አክብረነው፣ እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ማንም ሳይነግረኝ?»

ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ሕጉ ምን ምን ይላል?»

እስካሁን ካልኩት በቀር ሌላ ሕግ ገና አልወጣም አልኳት።

«እንግዲያው አንዱን እኔ አስታውሳለሁ» አለች። «በበዓሉ ቀጣፊዎች ለአሮጊቶች ውሃ ይቀዳሉ።»

ከምንጭ እስከ ቤቷ፣ ሁለት ሁለት ባልዲ፣ በየቀኑ ቀዳሁላት። ሳቂ።

እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ቀትር ድረስ ደሴቲቱ በሙሉ ወጓን ያዘች። ጀልበኛው ቶርከል «በዓሉ መጠጥ አለው ወይ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ፤ አለው ስለው ጥርጣሬ የሚባል ነገር ከፊቱ ጠፋ። በአዳራሹ ደጃፍ በድንጋይ ምድጃ ሠራን። ባሕሩ የተፋውን እንጨት ሰበሰብን። አንድ ትልቅ ድስት የዓሣ ሾርባ ተጣደ። እኔ ደግሞ ሕግ ማውጣት ልማድ ሆነብኝ፤ በሶኬት የተሰካ ነገር የተገኘበት ሰው አፍንጫው ጥላሸት ይቀባል አልኩ። በመጀመሪያው ቀን ዲትማር ከነብስክሌቱ ተያዘ። በሁለተኛው ቀን ቶርከል ከማንቆርቆሪያው ጋር ተያዘ። ቶርከል «በዚህ ዕድሜዬ ሻይ ሳልጠጣ ልሙት እንዴ!» እያለ ሲለምን፣ ዲትማር ራሱ ነው ጥላሸቱን በጣቱ ያመጣለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አይለያዩም።

ደስ ብሏቸው ነበር፣ ልጄ። በባሕር ታጥበው፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጡ ወደ ድስቱ ሲሮጡ ብታዪያቸው! ከሊዮን የመጡት ባልና ሚስት ብቻ ፊታቸው አልፈታም። እኔም ከተንኮሌ ብልጠቴ በለጠ ብዬ ራሴን አደንቅ ነበር።

በበዓሉ አምስተኛ ቀን ግን ሐይቁ ወርዶ አገኘሁት።

በሩ ዝግ ነው፣ መክፈቻው ብረት ከአልጋዬ ሥር ነው፤ ውሃው ግን በቀን ሁለት ሁለት ጣት ይሸሻል። በመለኪያው እንጨት ላይ በቢላ ምልክት እያደረግሁ፣ እንደዚህ ከቀጠለ ወፏ የቀራትን ስድስት ቀን እንደማትጨርስ አሰላሁ። ጎጆው ከውሃው መራቅ ጀምሯል። ስትመለስ በደረቷ እየተንፏቀቀች፣ እያረፈች ስትወጣ ከግድቡ ሆኜ አየኋት። የማደርገው ጠፋኝ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«በሩ ከተዘጋ ውሃው የት ይሄዳል?»

ወይዘሮ ሐነከ ነበሩ። የድንጋዩን አጥር ዞረው፣ ወፏ በማታይበት በኩል መጥተዋል። በአገራቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ በር ጠባቂ ሆነው እንደሠሩ ያን ቀን ነገሩኝ። በባሕርና በሜዳ መካከል ቆሞ ሜዳው እንዳይሰጥም መጠበቅ ነው ሥራቸው። እንግዲህ እኔ ለዚህች ሴት ነው ስለ ግድብ በኩራት ያስረዳሁት።

የመለኪያውን እንጨት ጎንበስ ብለው አዩት። ዘንድሮ የቆረጥኩት ምልክት ሁሉ ላይ ቀን ጽፌበታለሁ፤ የአምናውም አለ። ጣታቸውን ከሁሉም ዝቅ ያለው ምልክት ላይ አሳረፉ። «አምና በሰኔ ውሃውን እዚህ ድረስ ምን አወረደው?» አሉኝ።

ለእሳቸው የመለስኩትን አሁን ለአንቺ እመልሳለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

አምና የወፏን እንቁላሎች ቁራ ወሰዳቸው አልኩሽ። ቁራውስ ወስዷል። መንገዱን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ። የጀልባ እሽቅድምድሙ ሰዎች ሲመጡ፣ ያ ሁሉ ሰው ሻይ አፍልቶ፣ ታጥቦ፣ ጭፈራ ላይ አምፖል አብርቶ «ይቺ ደሴት ጉድ ናት» እንዲል ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር የሐይቁን በር ሁለት ቀን ሙሉ ከፈትኩት። አጨበጨቡልኝ። በሦስተኛው ቀን ስወጣ ወፏ ከጭቃው ማዶ ውሃው ላይ ሆና ባዶውን ጎጆ ታያለች። አንቺ ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ የምትጠብቂያት ወፍ። ከዚያ አንቺ በጋውን ሙሉ ድንጋይ ይዘሽ ቁራ ስታባርሪ እያየሁ ዝም አልኩ። አንድ ቀን እንዲያውም ድንጋይ አቀበልኩሽ። ያን ድንጋይ ማቀበሌን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይቃጠላል። ይቅር በዪኝ። ወረቀት ላይ መጻፉ እንኳን ይህን ያህል የከበደኝ ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ወይዘሮ ሐነከ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልተቆጡኝም፣ አላጽናኑኝምም። በኋላ እሳቸውም አንድ ጊዜ በተሳሳተ ሰዓት በር እንደከፈቱ፣ ወፎች የተቀመጡበት ሜዳ በሙሉ ውሃ እንደገባበት ነገሩኝ። ስንት ጎጆ ነበረ ስላቸው፣ «መቁጠር የጀመርኩት ጠዋት ነው፤ ከቀትር በፊት ተውኩት» አሉኝ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ውሃ ውስጥ ገቡ።

የሚያፈሰውን ቦታ በእጃቸው ዳስሰው አገኙት። የበሩ የታችኛው ሳንቃ በስብሶ፣ ውሃው ከሥሩ እየሾለከ ነበር። አምስት ዓመት ባለ ቁልፍ ስባል አንድም ቀን ገብቼ አልዳሰስኩትም። ሸክላ አፈር አለ ወይ አሉኝ፤ አለ። የበግ ፀጉርስ? ሳቅሁ። በደሴታችን በሶርሳይ ከበግ ፀጉር ሌላ ምን አለ! ሁለት ጆንያ አመጣሁ። ፀጉሩን ከሸክላው ጋር እያቦካን፣ እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ቆመን፣ ቀዳዳውን ስንጠቀጥቅ ዋልን። ስንጨርስ የመለኪያውን እንጨት አየን፣ ጠበቅን፣ ደግሞ አየን። ውሃው ቆመ።

ወደ ቤት ስንወርድ ሐነከ (ከዚያ ውሃ በኋላ «አንቱ» መባባል ቀርቷል) አንድ ነገር ነገረችኝ፣ አልወደድኩትም። ለእንግዶቹ እውነቱን ንገራቸው አለችኝ። እነግራቸውና ሁሉም ጥለው ይሄዳሉ፤ የእህቴ ልጅ ቤት ይዘጋል አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦

«ሰው በቀዝቃዛ ውሃ አይቀየምም። እንደ ሕፃን ሲታለል ነው የሚቀየመው። አንተ እነሱን ቀርቶ እሷን እንኳ አምነሃት አታውቅም።»

እሷ ያለችው አንቺን ነው። አንድም ቀን ሳታይሽ እንዴት እንዳወቀችሽ እንጃ። ምናልባት ስለ አንቺ ትንሽ አብዝቼ አውርቼላት ይሆናል።

በዚያ ምሽት ሾርባው ተበልቶ ሲያልቅ ተነሣሁ። መክፈቻውን ብረት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። በዓል የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ወሬውን ሁሉ በአረፋ ራስ ፊት ቆሜ እንደፈጠርኩት፣ ሐይቁ ላይ አንዲት ወፍ ሁለት እንቁላል ይዛ ስድስት ቀን እንደቀራት፣ ባለፈው ዓመት ምን እንዳደረግሁ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ይሄ ብረት በሩን ይከፍታል አልኩ። የመጣችሁት ለዕረፍት ነው፤ ቤቱም በሙቅ ውሃ ስም የተከራየ ቤት ነው። ክፈት ካላችሁኝ ዛሬውኑ እከፍታለሁ። ቁርጡን ከእናንተ ልስማ አልኩ።

ቶርከል ቆቡን አወለቀ። በመጀመሪያ የተናገረው ዲትማር ነው።

«ጥላሸቱን አፍንጫዬ ላይ የቀባችሁኝ በየትኛው ሕግ ነው ታዲያ?»

በኔ ሕግ ነው አልኩት።

ብድግ ብሎ መጣ። ብረቱን አነሣው። ሊከፍተው ነው ብዬ አሰብኩ፣ ልጄ። ክብደቱን በእጁ መዘን መዘን አደረገና፣ «ብሬመን ቤቴ በቀን ሁለት ጊዜ ነው የምታጠበው። ለምን እንደሆነ አሁን ሳስበው አላውቀውም» አለ። ከዚያ ወደ ኦይሪግ ሄዶ ብረቱን ጭኗ ላይ አኖረው። «እርስዎ ይያዙልን። ይሄ ሰውዬ አይታመንም» አላት።

ኦይሪግ «አራት መቶ ዓመት ሙሉ አይታመንም» አለች። ሳቁ ያን ጊዜ ፈነዳ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ወደ ውጭ ወጥቼ ጭጋጉ ውስጥ ትንሽ ቆየሁ።

የሊዮኖቹ ባልና ሚስት በማክሰኞዋ ጀልባ ሄደዋል። ያንን አልደብቅሽም። ሲሄዱ አልሰደቡኝም፣ አልጨበጡኝምም። ስለ ቤቱ መጥፎ ነገር ይጽፉ ይሆናል፤ ቢጽፉ እውነታቸውን ነው። ሰባቱ ግን ቆዩ። አሁን ያለ ምንም ተረት፣ እያወቁ፣ በባሕር ታጠቡ። ዲትማር የብስክሌቱን ባትሪ ነቅሎ አዳራሹ ውስጥ ከአንድ አምፖል ጋር አገናኘው፤ እስከ መጨረሻው ቀን ኦይሪግ በዚያ ብርሃን ሹራቧን ሠራች። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ከማንቸስተር የመጣች ልጅ፣ አንድ ጊዜ «ወፏ ትፈልፍል እንጂ እኔማ እስከ ገና አልታጠብም» ስትል ሰምቼ፣ አንቺን መሰለችኝ።

የከበብሽው ቀን ደረሰ፣ አለፈ። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነፋስ ተነሣ። ጭጋጉ ሲገለጥ ሁላችንም ከአጥሩ ጀርባ ተኝተን ነበር፤ ሰባቱ እንግዶች፣ ቶርከል፣ ኦይሪግም ጭምር ብርድ ልብስ ተነጥፎላት። አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ብቻ ስለነበረን ተራ በተራ ዓይናችንን እናስጠጋለን። ማንም ከተራው በላይ አልቆየም። ወፏ ውሃው ላይ ነበረች። ጀርባዋ ላይ ጥቁር፣ እንደ ጥጥ ፍንጣቂ ያለች ነገር ተቀምጣለች። ዲትማር ካየ በኋላ መነጽሩን ለሚቀጥለው ሰጥቶ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በዚያም ቀን አልተሳለቅሁበትም፣ ለታሪክ ይመዝገብልኝ።

አንድ ጫጩት ናት። ሁለተኛው እንቁላል አልተፈለፈለም። ሁለት ናቸው ብዬ ልጽፍልሽ እጄ ከጅሎ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ አንድ ከሆነ አንድ ነው።

ከኋላችን ተርባይኖቹ መዞር ጀመሩ። ማንም ግን ወደ ሙቅ ውሃው አልሮጠም። ቁርስ እስኪደርስ ድረስ ተኝተን ቆየን።

ሰባቱም መዝገብሽ ላይ ለመጪው ሰኔ ስማቸውን አስፍረዋል። ስድስቱ ወዳጅ ይዘው እንመጣለን ብለዋል። አንዳቸውም «ሙቅ ውሃ ይኖራል ወይ?» ብለው አልጠየቁም፤ «ወፏ በየትኛው ሳምንት ነው የምትታቀፈው?» ነው ያሉት። ደሴቲቱም ተሰብስባ የአንድ ምድጃ ሳምንት ከዘንድሮ ጀምሮ በእውነት እንዲከበር ወሰነች። ኦይሪግ በቃለ ጉባኤው ላይ «አንደኛ ዓመት» ብላ ጽፋለች። የአሮጊቶቹ የውሃ ሕግም ጸድቋል፤ ተቃውሞ ያሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን ተቀበይኝ። ቤትሽን ከነእንግዶችሽ ለእኔ ለተንኮለኛው ጥለሽ መሄድሽን አመሰግናለሁ፤ እኔ ብሆን አንቺን አላምንሽም ነበር። ሾርባዋን ሳያማርር ያን ሁሉ ቀን የበላውን ሕዝባችንን አመሰግናለሁ። ያን ክፉ ጭጋግ እንኳ አመሰግነዋለሁ። ቱሪስት ሲባል «በጀልባ የሚመጣ ማንቆርቆሪያ» እያልኩ ስንት ዓመት ቀልጃለሁ! ያን ቀልድ ትቼዋለሁ፤ ሌላ እስካገኝ ድረስ። ያን የድንጋይ ነገር ግን ይቅር በዪኝ ብዬ በአካል ስትመጪ ደግሜ እጠይቅሻለሁ። ብትወረውሪብኝም እቆማለሁ፤ ብቻ ራቅ ብለሽ ወርውሪ፣ አስተማማኝ እጅ እንዳለሽ ቁራዎቹ ይመሰክራሉ።

ክፍሎችሽ ሁሉ ተጠርገው፣ አንሶላው ታጥቦ፣ ቁልፉ በየቦታው ተሰቅሏል። የሐነከን ክፍል፣ አራተኛ ቁጥርን፣ ለቀጣዩ እንግዳ መስጠት ትችያለሽ። ከሁለት ሳምንት በፊት ነው ባዶ የሆነው። ሻንጣዋም እዚያ የለም። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ አራት ጊዜ መጥታ ሄዳለች። የግድቡን ሳንቃ እንደ ወጉ በአዲስ መተካት ረጅም ሥራ ነው፤ እንጨቱ መድረቅ አለበት፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቸኮልም። ይህን ደብዳቤ ስጽፍም ከጎኔ «በጣም ረዘመ» ተብያለሁ፤ «ይቅር በዪኝ» የሚለውን ሁለት ቦታ እንድጨምርም ታዝዣለሁ።

እናትሽን አስታሚ። ሃያ እርምጃዋን አስቆጥሪያት፤ ሃያ አንደኛውን እንዳላየ እለፊላት። አምላክ ዳሌዋን ያጽናላት፤ አንቺንም በደህና ይመልስሽ፤ የሠራሽው ቤት ከእንግዳ አይጉደል፤ ዓይንሽ የልፋትሽን ፍሬ ይይ።

ደግሞ አንድ ነገር። ስትመለሺ ወደ እኔ ቤት እንደ ልማድሽ በሩን ገፍተሽ ዘው አትበዪ። አንኳኪ።

ወዳጅሽ፣ ተንኮለኛው አጎትሽ
ከሶርሳይ